በሚቀጥለው ሳምንትም የሚመለሱበት ስብሰባ፦ ከአዳሚ ቱሉ ሆኖ መጠጥ ለማቆም ደጋፊ መፈለግ

መጠጥ ለማቆም የቆረጠ የአዳሚ ቱሉ ሰው ከዘመድ ከወዳጅ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አዲስ አበባ ሂድ፣ አማኑኤል አለልህ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአገራችን አንጋፋው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ነው፤ ሕመሙ ለጠናበት ሰው ትክክለኛው ቦታ እሱ ሊሆን ይችላል። ግን መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ይኬዳል፣ ገንዘብ ተበድሮ ሁለተኛም ይኬዳል፤ በየሳምንቱ አይኬድም። ከመጠጥ ለመላቀቅ ደግሞ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ የሚኬድበት ነገር ነው። ስለዚህ የድጋፍ ስብሰባ የሚፈልጉ ሰው «ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» ብለው ከመጨነቃቸው በፊት «በሚቀጥለው ሳምንትስ እመለስበታለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስበት ተራ ስብሰባ፣ ዓመት ጠብቀው አንድ ጊዜ ከሚደርሱበት ስመ ጥር ቦታ ይበልጣል ባይ ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች ሁሉ የለካሁት በዚሁ ሚዛን ነው።

«ስብሰባ ምን ያደርግልኛል? ራሴ አቆማለሁ» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህ ሰው ሊያቆም መቻሉን አልጠራጠርም፤ ምናልባትም ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አቁሟል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአረቄ ቤት የማይጠፋ ክርስቲያን ሁዳዴ ሲገባ እርግፍ አድርጎ ሲተው ማየት ብርቅ አይደለም። በረመዳንም እንዲሁ፣ በስውር የሚጠጣ ሙስሊም ወሩን ሙሉ ሳይነካ ያልፋል። የሚመለሱት በፋሲካና በኢድ ማግስት ነው። ታዲያ በጾሙ ጊዜ የነበረው ብርታት ወዴት ሄደ? በጾም ወራት ሰውየው ብቻውን አይደለም። ቤቱ ጾመኛ ነው፣ ጎረቤቱ ጾመኛ ነው፣ «አንድ በል እንጂ» የሚል ጓደኛ የለም፣ ቀኑም እየተቆጠረ ይሄዳል። በዓሉ ሲገባ ያ ሁሉ አጥር በአንድ ቀን ይፈርሳል። የድጋፍ ስብሰባ ያንን አጥር በቀሩት ወራት በሳምንት አንድ ሰዓት መልሶ የማቆም ሥራ ነው። የጎደለው ማቆም መቻል ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ወይም ጥብቅ ምክር በበቃ ነበር፤ የጎደለው ግን ካቆሙ በኋላ ያለው ሳምንት ነው።

የጥናቱም ነገር ወደዚሁ ያመራል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች አገላብጦ ነበር። በአልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ ኤ፣ መንገድ ከተመሩት ሰዎች ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ ርቀው የተገኙት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በሌሎች የምክር ሕክምናዎች ካለፉት ደግሞ 35 በመቶ ያህል ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ በስብሰባው መንገድም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ መቅመሳቸው አልቀረም። ጥናቶቹም በአብዛኛው የተሠሩት አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እንዳለ ገልብጦ ለአዳሚ ቱሉ ማዋል አይቻልም። ከቁጥሩ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን ስብሰባው የሚሠራበት መንገድ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሲፈትሹ ጎልቶ ያገኙት የሰውየው የጓደኛ ክበብ መለወጡን ነው፤ ከሚጠጡት ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ቀንሶ ከማይጠጡት ጋር የሚያሳልፈው ይጨምራል። የጓደኛ ክበብ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዶ አይለወጥም። የሚለወጠው በሚኖሩበት ከተማ፣ ሲመሽ በሚሄዱበት ሰፈር ነው።

ሰፈሩን ደግሞ እናውቀዋለን። ወደ ደቡብ አርሲ ነጌሌ በአረቄ አውጪነቷ የታወቀች ናት፤ ከዚያ የተነሣ ጀሪካን በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሆኖ የስምጥ ሸለቆን ከተሞች ያዳርሳል። ወደ ሰሜን ባቱ ዳር የወይን እርሻና የወይን ጠጅ ፋብሪካ አለ። ቢራው በየግሮሰሪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከመንገድ ዳር ሰሌዳም አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። የጎረቤት አረቄ ግን መጀመሪያውኑ ማስታወቂያ አይፈልግም፤ መለኪያዋ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ሰው ትጠብቃለች።

ወደ ሥራው እንግባ። ስብሰባ ከመፈለግ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፣ እሱም ሰውነትዎ በድንገት ማቆምን ይችል እንደሆነ ማወቅ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ በተለይ ጠዋት ማርከሻ ካልወሰደ እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው፣ ብድግ ብሎ ቢያቆም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የማቆም ሕመሙ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይጀምራል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ላይ ደግሞ አንዳንዱ ቀንና ቦታ ይምታታበታል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ የሌለ ድምፅ ይሰማል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ልክፍት ነው» ብሎ በር ዘግቶ ማሰር ወይም ጠበል ለመውሰድ መሯሯጥ ይቀናዋል። ሕክምና ካላገኘ ሊገድል የሚችል ሁኔታ ስለሆነ የሚሮጠው ወደ ሆስፒታል መሆን አለበት። ማርከሻ የሚያስፈልግዎ ሰው ከሆኑ እንግዲህ በራስዎ በድንገት አያቁሙ፤ መጀመሪያ ይታዩ። የማቆም ሕመሙን ለጥቂት ቀናት የሚያበርድ መድኃኒትና የቫይታሚን ቢ 1 ሕክምና አለ፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ባለሙያ እንጂ ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ ኪኒን አይደለም። እዚህ ላይ አላመቻምችም፤ የትኛውም ስብሰባ፣ የትኛውም ጸሎት፣ የትኛውም የቆራጥነት ንግግር ይህን እርምጃ አይተካም።

ስለዚህ የመጀመሪያው በር የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ «ጨጓራዬን ነው»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ጥግ ጥጉን ይዞራል፤ የጨጓራ ኪኒን ተቀብሎም ይወጣል። ሐኪሙ ያልተነገረውን አያክምም። ካርድ ክፍል ምንም ማብራራት የለብዎትም፤ መርማሪው ክፍል ገብተው በሩ ሲዘጋ ግን እንዲህ ይበሉ፦ «ሲስተር፣ በቀን ይህን ያህል መለኪያ አረቄ እጠጣለሁ። የመጨረሻውን የቀመስኩት ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ካልደገምኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በፊት ሳቆም እንዲህ እንዲህ ሆኜ ነበር። ማቆም እፈልጋለሁ።» መጠኑ፣ የመጨረሻው ሰዓት፣ የጠዋቱ ምልክትና ያለፈው ሙከራ በአንድ ትንፋሽ ከተነገሩ ባለሙያው ቤት መላክ ወይም ባቱ ሆስፒታል መጻፍ እንዳለበት ለመወሰን ብዙ አይቸገርም። ጫትም የሚቅሙ ከሆነ፣ መጠጡም የሚመጣው ለጨብሲ ከሆነ ይህንንም ይናገሩ፤ ጫቱን እንደያዙ መጠጡን ብቻ ለማቆም መሞከር ብዙዎችን የጣለ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያም አለ። ከ40 የሚታረም ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ጤናውን በሚያሰጋ መልኩ እየጠጣ ነው ተብሎ ይያዛል። ባለሙያው ካልጠየቀዎት እርስዎ «ለክልኝ» ማለት ይችላሉ።

የጤና ጣቢያው ሁለተኛ ጥቅም፣ እንደ እርስዎ ያለ ሌላ ሰው ማግኛ መሆኑ፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነው። ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ በጉራጌው ሶዶ ወረዳ፣ በ1,500 ጎልማሶች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ከወንዶቹ ሩብ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ከመቶ ሁለት የሚበልጡት በመጠጥ ምክንያት ችግር ላይ ያሉ ሆነው ተገኙ። ችግሩ ከበረታባቸው መካከል 87 በመቶው እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። ምክንያታቸው ሲጠየቁ ራሴ እወጣዋለሁ፣ በራሱ ጊዜ ይተወኛል፣ የት እንደምሄድም አላውቅም አሉ። ሶዶ አዳሚ ቱሉ አይደለም፤ ግን የአገሩ አኗኗር ሩቅ ስላልሆነ ቁጥሩ አንድ ነገር ይጠቁማል። እርስዎ ስብሰባ የለም ብለው በተቀመጡበት ከተማ፣ እንደ እርስዎ የት እንደሚሄድ ያጣ ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው ዛሬም ባይሆን አንድ ቀን በጨጓራ፣ በጉበት ወይም በወደቀበት ስብራት ሰበብ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው ሲያልቅ ይህን ይጨምሩ፦ «ለማቆም የሚሞክር ሌላ ሰው ቢመጣ፣ እሱ ከፈቀደ ስልኬን ስጡልኝ።» ባለሙያው የሌላ ታካሚ ስም ሊነግርዎ አይችልም፣ አይገባምም። የእርስዎን ስልክ በእርስዎ ፈቃድ ለሌላው መስጠት ግን ምንም ሕግ አይከለክለውም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ልሂድ ለሚል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር አስይዘዋለሁ።

ቀጥሎ ክበቡን ያስፉ፣ ግን በሚዛኑ እየለኩ። ባቱ ቅርብ ናት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ያለ ብዙ ወጪ ይደረስባታል። መቂና ሻሸመኔ በወር አንዴ ሁለቴ ቢሆን ነው። አዳማና አሰላ ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አሏቸው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍላቸው በአካባቢው የትኛው ቡድን የትና መቼ እንደሚሰበሰብ የማወቅ ዕድሉ ከሌላው የተሻለ ነው። ሳይደውሉ አይሂዱ። ሲደውሉም «ሱስ ታክማላችሁ?» ብለው ብቻ አይዝጉ፤ መልሱ «አዎ፣ ይምጡ» ይሆንና ቀንዎ ይቃጠላል። «ታክመው የወጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ፕሮግራም አላችሁ? በየስንት ጊዜው ነው? በየትኛው ቋንቋ ነው? ከውጭ የመጣ ሰው ይቀበላል?» ብለው ይጠይቁ። ቋንቋው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አማርኛን ገበያ ላይ የሚያቀላጥፍ ሰው ስለ ኀፍረቱ ሲናገር የሚመጣለት አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፤ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ለመጣውም ዛይኛ። የራሱን ነገር በተውሶ ቋንቋ የሚያወራ ሰው ሁለት ሳምንት መጥቶ በሦስተኛው ይቀራል።

ከሐኪም ቤት ቀጥሎ የሚታየው የእምነት ቤት ነው። «ጠበሉ እያለ፣ ንስሐ አባት እያለ ሌላ ስብሰባ ለምን?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ መልስ ይገባዋል። ጠበል ገብቶ፣ ምሎ፣ ተገዝቶ የተወ ሰው አለ፤ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያንም በጸሎት ኅብረት የተያዘ፣ በመስጊድም በጀመዓው ተግሣጽ የተመለሰ አለ። እነዚህን ሰዎች ልብ ብሎ ላየ፣ የጸኑት ብዙውን ጊዜ ከጠበሉ ሲመለሱ በየሳምንቱ «እንዴት ሰነበትህ?» የሚላቸው ሰው ያገኙት ናቸው። እምነቱና ስብሰባው ስለዚህ አይጣሉም፤ አንዱ ሌላውን ያጸናዋል። ለንስሐ አባትዎ፣ ለመጋቢው ወይም ለኢማሙ የሚቀርበው ጥያቄም ያው የጤና ጣቢያው ጥያቄ ነው፤ «እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ካለ፣ ከፈቀደ አገናኙኝ።» አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በማኅበረሰባችን ማኅበር ማለት ራሱ ጽዋ ነው፤ ጠላው ካልተጠመቀ ማኅበር የጠጣን አይመስለንም። የጽዋ ማኅበርተኛ የሆኑ ሰው ተራዎ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ከአሁኑ ለሙሴው ቢነግሩት ይሻላል፤ በእርስዎ ተራ ለስላሳና ውሃ ቢቀርብ ጻድቁ አይቀየሙም።

ስለ ኤ ኤ ደግሞ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ፣ መጠጥ ባስቸገራቸው አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። የአክሲዮን ገበያው ሰው ለሥራ በሄደበት እንግዳ ከተማ ውድቀት እንደቀረበው ሲያውቅ፣ ሊያናግረው የሚችል ሌላ ጠጪ በስልክ ፈልጎ አገኘ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። ክፍያ የለውም፣ ስም አይመዘገብም፣ ለአባልነት የሚጠየቀውም መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ድረ ገጹ ላይ አገር እየመረጡ ስብሰባ መፈለግ ይቻላል፤ በዙምና በስልክ የሚደረጉትም በየሰዓቱ አሉ፣ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው በሌሊት፣ አረቄው በሚጠራበት ሰዓት፣ እነዚህ ትልቅ እርዳታ ናቸው። የሰፈርን ጓደኛ ስለማይለውጡ ግን እንደ ስንቅ እንጂ እንደ ቤት አይቁጠሯቸው። ለሚስት፣ ለእናት፣ ለልጅ ደግሞ አል አኖን የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ የቤተሰብ ቡድን አለ፤ ጠጪው እምቢ ቢልም ቤተሰቡ ለብቻው መጀመር ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ሐበሻ ገመናውን ለማያውቀው ሰው አያወራም» ይባላል። ይህንኑ ስለ ኤች አይ ቪ ስንለው ነበር። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች የመሠረቷቸው መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራት በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲነሡ፣ የዚያ ዘመን ኀፍረት ከዛሬው የመጠጥ ኀፍረት እጅግ ይከብድ ነበር፤ ሰው ከቤት ይባረር፣ ዕቃው ይለይ ነበር። እነዚያ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ መድኃኒታቸውን ስለ መዋጥ ተነጋገሩ፣ የታመመባቸውን ጠየቁ። በየከተማው ቡና እየተፈላ ስለ ቫይረሱ የተወያየ ማኅበረሰብም ይኸው የእኛው ነው። እንግዲህ ክብ ሠርቶ መቀመጥን ከውጭ መማር አይጠበቅብንም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሚስጥር አይደበቅም የሚለው። እውነት ነው፣ አይደበቅም። ግን ምኑ ነው የሚደበቀው? ሰውየው ሲንገዳገድ ያላየው ጎረቤት የለም፤ ባለሱቁ ዱቤውን ያውቃል፣ ባጃጅ ነጂው ማታ ማታ የት እንዳደረሰው ያውቃል። ከተማው የማያውቀው ማቆም መፈለጉን ብቻ ነው። ሰው የሚፈራውም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ሞክሮ ቢወድቅ «ይኸው፣ አላልኩም?» መባሉን። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ በሶዶው ጥናት ከባድ ችግር ካለባቸው 70 በመቶው ራሳቸውን አብዝተው የሚንቁ ነበሩ። መፍትሔው ግን መቅረት አይመስለኝም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባቱ ማሳለፍ፣ ከዚያ መቀራረብ ይቻላል። ለሴቶች ነገሩ ይለያል። በጥናት ቁጥራቸው ትንሽ ሆኖ የሚታየው አንዳንዶቹ ስለማይናገሩም ጭምር ሊሆን ይችላል፤ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ደግሞ መጠጡን «ራቂው» ብትባል እንጀራዋን ነው የምትርቀው። ሴቶች ለብቻቸው የሚቀመጡበት ሰዓት ቢኖር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም አገናኝ ብትሆን ከወንዶቹ ጋር ከመቀላቀል ይሻላል። ጥቂት ሳምንት አረቄውን ሌላ ሰው እንዲያወጣላት ማመቻቸት እንኳ ቡድኑ ሊያግዝ የሚችለው ነገር ነው።

ስብሰባ ካገኙ እንዴት ያውቁታል? ጤናማ ስብሰባ ሲታይ ምንም አያስደንቅም። ወንበሮች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንድ ሰው ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ሰው በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ምክርም ካልተጠየቀ አይሰጥም። ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ቆይቶ ያልቃል። መጀመሪያ ቀን «ዛሬ ልሰማ ነው የመጣሁት» ብለው ዝም ማለት ይችላሉ። የሚያስጠነቅቁ ምልክቶችም አሉ፤ ከመግቢያው ገንዘብ መጠየቅ፣ መታወቂያ መመዝገብ፣ ለምስክርነት ቪዲዮ ፊትዎን መቅረጽ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒትዎን «እምነት ካለህ ተወው» ማለት፣ ሰው ማሰር። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ይውጡ፤ በተለይ የመድኃኒቱ ነገር ለሁለተኛ ዕድል የሚበቃ አይደለም። ከዚህ ውጭ ያለው ደብዛዛነት፣ የተሰላቸ መሪ፣ የማይጥም ወሬ፣ የሚያዛጋ ጎረቤት፣ ለመቅረት ምክንያት አይሁንዎ። ሦስት አራት ጊዜ ሳይሄዱ አይፍረዱ።

ምንም ካላገኙስ? ያኔ ሁለት ሰው ይበቃል። ኤ ኤ ራሱ በደንቡ ቡድን የሚለው ላለመጠጣት የተገናኙ ሁለት ሦስት ሰዎችን ነው፤ ከሌላ ድርጅት ጋር እንዳይቆራኙ ብቻ ይጠይቃል። እድር ስንመሠርት የለመድነውን ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የቅጣት መዝገብ እዚህ አያምጡት፤ የቀረ ሰው የሚቀጣበት ስብሰባ የወደቀ ሰው የሚፈራው ስብሰባ ይሆናል። ከእድር የሚወሰደው ቀኑን አለማዛባት ነው። ቦታው የአንዱ እምነት ቤት ባይሆን ይመረጣል፤ የከተማው ሰው ሙስሊምም ክርስቲያንም ስለሆነ የጤና ጣቢያ ግቢ ወይም ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን የትምህርት ክፍል ይሻላል። በሰው ቤት ከሆነ ቡናው አስቀድሞ የተቆላ ይሁን። ቀልድ አይደለም፤ የቡና ቁሌት ሽታ ጎረቤት ጠሪ ነው፣ ሚስጥር ሊያወሩ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲኒው ሳይቀርብ አምስት ሆነው ይገኛሉ። ቀኑን ሲመርጡ የገበያን ቀንና የደመወዝን ቀን ያስቡ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ገንዘብ ኪሱ በገባበት ማታ ነው፤ ስለዚህ እነዚያን ቀናት ከመሸሽ ይልቅ ስብሰባውን በዚያው ማታ ማድረግ ብልህነት ነው። በአበባ እርሻ በፈረቃ የሚሠራ ካለ ሰዓቱ ከፈረቃው ጋር ይስማማ። በሳምንቱ መካከል የቴሌግራም ቡድን ይረዳል፣ ግን ስምና ፎቶ ያለበት ጽሑፍ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ለመዝለል ጊዜ አይፈጅበትም፤ ለከባዱ ነገር ስልክ መደወል ይሻላል።

የንግግሩ ቅርጽ ካሳሰበዎት በሦስት ጥያቄ መጀመር ይቻላል። ያለፈው ሳምንት እንዴት ነበር? መጠጡ የመጣብኝ የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት ነው? እስከሚቀጥለው ስብሰባ የሚያስፈራኝ ቀን የቱ ነው? የሦስተኛው መልስ ሰርግ፣ ለቅሶ ወይም የደመወዝ ቀን ሆኖ ከተገኘ፣ በዚያ ቀን በስንት ሰዓት ማን ለማን እንደሚደውል ተነጋግረው ይለያዩ። የቀመሰ ሰው ካለ ቀምሻለሁ ይበል፣ ሌላው አይስበክበት። ሰክሮ የመጣም አይባረር፤ ዳር ተቀምጦ ይስማ፣ ንግግሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየው።

በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ሰው ላይመጣ ይችላል። ቢደውሉለት ስልኩ ዝግ ይሆናል። ያኔ ተነሥተው አይሂዱ፤ ቤት ቢገቡ እንኳ ያች ሰዓት ሌላ ቦታ ትወስድዎታለች። ሁለተኛውን ወንበር ከፊት ለፊትዎ እንዳለ ይተዉት፣ ሰዓቱ እስኪሞላ ይቀመጡ፣ ሲወጡም «ዛሬ ነበርኩ፣ ሐሙስ በ11 ሰዓት እዚያው ነኝ» የሚል አጭር መልእክት ይላኩለት። ሐሙስም ከ11 ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ።